በሦስት ፌዝ የተደገሰ ሰርግ

የእህቴ ባል አቹታን በመብራት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግል ከኪሱ ሁለት ነገር አይጠፋም ነበር፤ ቴስተርና የጨጓራ ኪኒን። ኪኒኑን እንደ ቆሎ ነበር የሚቆረጥመው። ጠዋት በባዶ ሆዱ ጥቁር ሻይ ይጠጣል፣ ቀን ከአለቃው ጋር ይጣላል፣ ማታ በበርበሬ የተቃጠለ ዓሣ ይበላል፤ ከዚያ ደረቱን ይዞ «ተቃጠልኩ» እያለ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር እህቴ ራዳማኒ እጁን ይዛ ድልድዩን አሻገረችውና ሐኪም ሳንኩኒ ዘንድ ወሰደችው። ሐኪም ሳንኩኒ ከአባት ከአያታቸው የወረሱትን መድኃኒት የሚቀምሙ፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከበሽተኛ ጋር ሲያወጉ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። አቹታንን ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዱ አመላለሱት፣ የእጁን ትርታ ያዙ፣ ምላሱን አዩ፣ ስለ ሥራውም ስለ ቤቱም ጠየቁት። በሦስተኛው ቀን፣ «አንተ የእሳት ሰው ነህ» አሉት፤ «እሳት ላይ እሳት እየጨመርክ ነው የምትኖረው። በርበሬ ቀንስ፣ ኮምጣጣ ቀንስ፣ ሻዩን ምግብ ከቀመስክ በኋላ አድርገው። ምግብ ቀርቦ ደግሞ አትጨቃጨቅ።»

በአርባ ቀን ውስጥ ቃጠሎው ጠፋ። ይህን እኔ ሱኩማራን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የማወራውን ሰምቶ ማንም በሐኪሙ እንዳይስቅ።

ጣጣው የመጣው አቹታን በመዳኑ ነው። የታመመ ሰው የሚረብሸው አንድ ቤት ነው፤ የዳነ ሰው ግን ሰፈር ይረብሻል። መጽሐፍ ገዛ። ከተማ ወርዶ የባህል ሕክምና የሦስት ቀን ኮርስ ወሰደና ዳሩ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ፤ ወረቀቱንም ከክሪሽና ሥዕል ጎን ሰቀለው። ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ያስቆምና ያስተምር ጀመር።

«የሰው ገላ ማለት በሦስት መስመር እንደሚገባ መብራት ስሪ ፌዝ ነው» ይላል። «ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ። አንዳንዱ ሰው ነፋሱ ይበዛል፤ ቀጭን ነው፣ ይረሳል፣ እንቅልፍ የለውም። አንዳንዱ እሳቱ ይበዛል፤ እንደኔ። አንዳንዱ ደግሞ ውሃው፤ ሞላ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ካልቀሰቀሱት የማይነቃ። በሦስቱ ላይ ጭነቱ እኩል ካልተደለደለ መስመሩ ይቃጠላል።»

«ፌዝስ እውነትም ፌዝ ነው» ትላለች እህቴ ከወጥ ቤት።

እሷን ነፋስ ነሽ አላት። ነፋስ ከተባለችበት ቀን ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የተጠበሰ ነገርና የከሰዓት ወሬ ተከለከለች። ልጃቸው ኒሚሻ እሳት ስለሆነች የማንጎ አቻር፣ ያ በበርበሬ የተዘፈዘፈው ኮምጣጣ ማባያ፣ ተነሳባት። ላሟ ውሃ ሆነች፤ ላሟ ግን አልተከራከረችም። ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ሆነው ለሦስቱም የተለያየ ቁርስ የምትሠራው ያችው ነፋስ የተባለችው እህቴ ነበረች። ረቡዕ ረቡዕ «ሚስትህ ሸሚዝ ታስተካክልልኝ» እያለች ቤቴ ትመጣና ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የሙዝ ጥብስ ትበላለች።

«ዛሬስ ምን አመጣሽ?» እላታለሁ።

«ነፋስ አይደለሁ? ነፈሰብኝና መጣሁ» ትላለች፣ አፏ እንደሞላ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ኒሚሻ የታጨችው። ልጁ ቢጂት ይባላል፤ ከሾራኑር ነው፣ የባቡር መሐንዲስ። ኮከባቸው ታየ፣ ገጠመ። አቹታን ግን ኮከብ አልበቃውም፤ የልጁን የገላ ዓይነት ካላወቅሁ አለ። ኒሚሻ በአባቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን፣ «አባዬ፣ የማገባው እኔ ነኝ፤ ሆዱን ለኔ ተውልኝ» አለችው። አቹታን ደነገጠና ሙሽራውን ተወ። ሙሽራውን ትቶ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

የድግስ አብሳዩ ፖዱቫል ሊነጋገር የመጣ ዕለት እኔም ነበርኩ። ፖዱቫል በኛ አገር ስሙ የተጠራ ነው፤ ለሺህ ሰው አብስሎ አንድም ቀን ሩዝ አልጎደለበትም። አቹታን የካርታ ወረቀት የሚያህል ወረቀት ዘረጋለትና በጣቱ እያሳየ ማስረዳት ጀመረ።

«እንግዳው በሦስት ይከፈላል። ለነፋስ ሰዎች ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ቅቤ ያለው። የሙዝ ቺፕስ የለም፤ ያደርቃቸዋል። ለእሳት ሰዎች በርበሬና አቻር የለም። ለውሃ ሰዎች ደግሞ ሩዝ ጥቂት፣ ቅመም ብዙ፣ እርጎ የለም፣ ፓያሳም የለም።»

ፖዱቫል እስከዚያ ድረስ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ነበር። የመጨረሻዋን ሲሰማ ቆመ። ፓያሳም በኮኮናት ወተትና በሸንኮራ የሚንተከተክ፣ በባልዲ እየዞረ የሚቀዳ ጣፋጭ ነው፤ እኛ አገር ሰው ሰርግ የሚሄደው ለሙሽራዋ ሳይሆን ለሱ ነው።

«ፓያሳም የለም አልከኝ?»

«ለውሃ ሰዎች ብቻ። ጣፋጭ ያከብዳቸዋል።»

«ጌታዬ፣ አርባ ዓመት ያበሰልኩት ለሆድ ነው። ለነፋስና ለውሃ አብስዬ አላውቅም። ሰው ሰርግ ቤት መጥቶ ፓያሳም ሳይቀምስ ከተመለሰ ዱላ የሚመጣው ወዳንተ አይደለም፤ ወደ ወጥ ቤት ነው።»

«ለጤናቸው እኮ ነው!»

«ለጤናቸው ከሆነ ቤታቸው ይቀመጡ» አለና ፖዱቫል ወደ እህቴ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃት።

እህቴ ትንሽ አሰበች። «እሱ የሚለውን ጻፍ፤ ፓያሳሙን ግን ለሁሉም በሚበቃ ልክ አብስል። የተረፈውን ጎረቤት እሰጠዋለሁ» አለችው። አቹታን ስለ ጎረቤት ጤና ሊናገር አፉን ከፈተና ዓይኗን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ለኔ የተሰጠኝ ሥራ በር ነበር። «ሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበርክ፤ ሰው ማሰለፍ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለኝ አቹታን። ሦስት ጥቅል ሪባን ሰጠኝ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦው ቀለም ማለት ነው። ቀይ ለእሳት፣ ቢጫ ለነፋስ፣ ሰማያዊ ለውሃ። የመመገቢያ አዳራሹ በወፍራም መጋረጃ ለሦስት ተከፍሏል። በሩ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሁለት የኮርስ ጓደኞቹ ነጭ ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ሌላዋ የኢንሹራንስ ሻጭ ናት። ዘጠኝ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ትርታ ይይዛሉ፣ ከዚያ «ቀይ!» ወይም «ቢጫ!» ይሉኛል፤ እኔ አስራለሁ።

በኮከብ የተመረጠው ጥሩ ሰዓት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ቢጂት ለኒሚሻ የጋብቻውን ክር አንገቷ ላይ አሰረላት፣ አበባ ተለዋወጡ፣ ሰው እጁን አነሳና ሩዝ በተነ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ሦስት መቶ ሰማንያ ሰው በአንዴ ወደ ምግቡ ነቀለ። በሩ ላይ ሲደርስ እኔን አገኘ።

ከመጀመሪያዎቹ መሃል የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሱሎቻና ነበሩ። የፖስታ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ ወርቃማ የሐር ሳሪ የለበሱ፣ ደርበብ ያሉ ሴት ናቸው። የኢንሹራንስ ሻጯ እጃቸውን ያዘች። አራት ጥያቄ በሰላም አለፈ። አምስተኛው ስለ ሰገራ ነበር።

«እትዬ፣ ሰገራዎ ጠንከር ያለ ነው ወይስ ለስለስ ያለ?» አለቻቸው፣ ድምፅዋን ቅንጣት ሳትቀንስ።

ከኋላቸው ወንድሞቻቸውና የባላቸው ወንድሞች ተሰልፈዋል።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰገራዎ።»

«እኔ ያለሁት ልጄ ሰርግ ላይ ነው ወይስ ላቦራቶሪ?»

«ለጤናዎ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ስታይኝ የታመምኩ እመስላለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ! ወዝ አለዎት፣ ሞላ ብለዋል፣ ቆዳዎ ለስላሳ ነው…» አለችና ወደኔ ዞረች። «ውሃ! ሰማያዊ እሰርላቸው።»

«ወፍራም ነሽ ለማለት ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ?» አሉ ወይዘሮ ሱሎቻና። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሪባኑን አሰርኩላቸው። የትርታ ትምህርት ባልማርም፣ የያዝኩት እጅ የውሃ እንዳልሆነ ማወቅ አላቃተኝም።

ሰልፉ ረዘመ። ከአዳራሹ ወጥቶ ጫማ የሚወልቅበትን ደረጃ አለፈና አስፋልቱ ላይ ደረሰ። ፀሐዩ ደግሞ ያን ቀን ምሕረት አልነበረውም። የመጀመሪያው ገበታ ቁጭ ብሎ ትንሽ እንደቆየ ከሰማያዊው ክፍል ወሬ ወጣ፤ እዚያ ፓያሳም የለም ተባለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የመጣው እንግዳ ሁሉ ነፋስ ሆነ። ማንም እንቅልፍ የለውም፤ የሁሉም አጥንት ይንቋቋል፤ ሁሉም በህልሙ ይበርራል። የእንጨት ነጋዴው ጎፒናታን እንኳ፣ በር ሲገባ ወደ ጎን የሚዞረው ሰውዬ፣ «ምን ብበላ ክብደት አልጨምር ብሎኛል» አለ ፊቱን አሳዝኖ።

«እርስዎ ነፋስ ነዎት?» አለው የባቡር ጣቢያው ሰው።

«አዎ። አውሎ ነፋስ።»

ባልና ሚስት ተለያየ። የአንዷን ባል ሰማያዊ አሰርኩለትና ሚስቱን ቢጫ፤ እሷ ገብታ ከቀጭን የአጎቷ ልጅ ጋር ሪባን አስቀይራ ባሏን አወጣችው። ቀይ ክፍል ያሉት ደግሞ በሳህን ፈንታ የተነጠፈላቸው፣ አቻር የሌለው የሙዝ ቅጠል ላይ አፍጥጠው፣ በመጋረጃው ሥር አንድ ቁራጭ ሎሚ ለማስተላለፍ ከጎረቤት ጋር ይደራደራሉ። አቹታን ከክፍል ክፍል እየዞረ፣ ሁለት እጁን እያፋተገ፣ «ጭነቱ እንዴት እኩል እንደተደለደለ አየህ?» ይለኛል። እሱ ደስ ብሎት ነበር፤ እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

መምህር ቻቱ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እኔንም አቹታንንም ሒሳብ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ አቹታን ለመሐንዲስነት ፈተና ሲቀመጥ ማታ ማታ በነፃ ያስጠኑትም እሳቸው። ነጭ ልብሳቸውን በጥንቃቄ ተኩሰው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ነበር። ከሰልፉ ጎን ቆሙና አዩ።

«ሱኩማራ፣ ይሄ ሰልፍ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ምላሴ ከበደኝ።

«ሰውን በተፈጥሮው ለይታችሁ ነው የምታበሉት?»

«የጤና ጉዳይ ነው ብሎ ነው፣ መምህር።»

ዣንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ይሄ አዳራሽ ሳይሠራ እዚህ የባላባቱ ቤት ነበር። አባቴ ዘንባባ ላይ እየወጣ ጠጅ የሚቀዳ፣ በዘሩ የሚናቅ ሰው እንደነበረ ታውቃለህ። በዓል ሲሆን እኛንም ያበሉን ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ሌላው በልቶ ሲያበቃ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴን ለምን እዚህ ነው የምንበላው ብዬ ጠየቅሁት። ‹ተፈጥሯችሁ ነው ይላሉ› አለኝ።»

አቹታን አይቷቸው እየሮጠ መጣ። እግራቸውን ነክቶ ሰላም አላቸውና የመጨረሻዋን ቃል ስለሰማ ቀልጠፍ ብሎ፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ እንደዚያ አይደለም! ይሄ መጽሐፍ ያለው ነገር ነው» አለ።

«እነሱም መጽሐፍ ነበራቸው፣ አቹታን» አሉ መምህር ቻቱ። አልተቆጡም። «ኒሚሻን እግዜር ይባርክልህ። እኔ ግን ሰው መርጦ ባስቀመጠኝ ቦታ አልበላም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያለኝ ደንብ ይቺ ብቻ ናት።» ዣንጥላቸውን ዘረጉና በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

አቹታን ሊከተላቸው አንድ እርምጃ እንደተራመደ ከሰማያዊው ክፍል ጉምጉምታ ተሰማ፤ ወደዚያ ሮጠ፤ እኔም ሪባኔን ጥዬ ተከተልኩት።

መጀመሪያ ያየው ሰው ሐኪም ሳንኩኒን ነው። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እጃቸው ላይ ሰማያዊ ሪባን ታስሮ፣ በጥቂት ሩዝና በብዙ ቃሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ሐኪም! እርስዎን እዚህ ማን አስቀመጠዎት?» አለ አቹታን፣ ድምፁ ተሰንጥቆ።

«ያቺ ልጅ ናታ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ነፋስ ነኝ እያልኩ ስኖር ተሳስቼ ኖሯል።»

«ትርታዎን አልያዘችም?»

«ይዛለች። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ርቦኝ፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ እግሬን ረግጦኝ፣ ከዚያ ነው የያዘችው። ሰርግ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ እኮ እሳት ነው፣ ልጄ። እሷ ውሃ ያለችኝ እንግዲህ ሽንቴ ስለመጣ ይሆናል።»

አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። አቹታን አልሳቀም። «እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ» አለ።

«እኔ አላስተማርኩህም፤ አከምኩህ። ሦስት ጠዋት ያመላለስኩህ ትርታህን ለማየት ብቻ መሰለህ? ከሚስትህ ጋር እንዴት እንደምትነጋገር እያየሁ ነበር። ‹ምግብ ቀርቦ አትጨቃጨቅ› ያልኩህ ከዚያ የመጣ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።»

ይህን እያሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዞር ስንል ወይዘሮ ሱሎቻና በልተው ጨርሰዋል፤ ቅጠላቸውን ሊያጥፉ ነው። እኛ አገር ሰርግ የበላ ሰው የሙዝ ቅጠሉን ወደ ራሱ ነው የሚያጥፈው፤ ጠገብኩ፣ ደግሜ ልምጣ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚታጠፈው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ወይዘሮ ሱሎቻና የቅጠሉን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙና፣ ሁሉም እያያቸው፣ ቀስ አድርገው ወደ ውጭ አጠፉት። ቀጥሎ ወንድማቸው አጠፈ። ቀጥሎ የወንድማቸው ሚስት። እያለ እያለ በአግዳሚው ላይ የነበረው የሙሽራው ወገን ሁሉ፣ ሠላሳ የሚሆን ቅጠል፣ ወደ ውጭ ታጠፈ።

አቹታን መጋረጃውን ጨምድዶ ይዞ ቆመ።

የተንቀሳቀሰችው እህቴ ናት። ከወጥ ቤት በኩል ገብታ ቅጠሎቹን አየች፣ ባሏን አየች፤ ከዚያ ባሏ የጨመደደውን መጋረጃ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ገመዱ ተበጠሰና ሰማያዊና ቢጫ ክፍል አንድ ሆኑ። ሁለተኛውንም ሳበችው። እሳትና ነፋስ የተባሉት ሰዎች ጉንጫቸው እንደተወጠረ ወደኛ ያያሉ።

«ፖዱቫል! ባልዲዎቹን አምጣ፣ ሁሉንም!» ብላ ጮኸች።

የታጠፈ ቅጠል ተመልሶ አይዘረጋም። ስለዚህ አዲስ ቅጠል ራሷ አምጥታ ወይዘሮ ሱሎቻና ፊት አነጠፈች፣ በውሃ ጠረገችው፣ ጭልፋውን ከፖዱቫል እጅ ተቀብላ ፓያሳሙን ቀዳችላቸው።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻቸው። «ሰውዬው ክፉ አይደለም። የዳነ ሰው ነው።»

ወይዘሮ ሱሎቻና በጣታቸው ቀመሱ። «አንቺስ ምን ቀለም አሰሩልሽ?» አሏት።

«ቢጫ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ጉድ ነው! ቁጭ በይ በያ» አሉና ጠጋ አሉላት።

እኔ ይህን እያየሁ አቹታን ከጎኔ ጠፋ። ሳስበው የት እንደሄደ ገባኝና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥኩ። ስደርስ አውቶቡሱ ቆሟል፣ መምህር ቻቱ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገዋል፣ አቹታን የሐር ልብሱ ረግቦበት ዣንጥላቸውን ይዟል። ሾፌሩ የድሮ ባልደረባዬ ነው፤ እጄን አንስቼ እንዳይነቃነቅ አልኩት።

«ያስረዳሁበት መንገድ ነው እንጂ፣ መምህር፣ ሐሳቡ…» ይላል አቹታን። «ሦስቱ ፌዞች ላይ ጭነቱ…»

«አቹታን» አሉ መምህር። «ሒሳብ ሳስተምርህ ጥያቄውን ሳታነብ መልሱን ነበር የምትጽፈው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ከአውቶቡሱ ውስጥ የዓሣ ቅርጫት የያዘች ሴት አንገቷን አወጣች። «ኧረ ሽማግሌው! ወይ ይግቡ ወይ ይውረዱ፤ ዓሣዬ ሊሸት ነው!»

«ሰርግ ቤት ተጣልተው ነው» አላት አንዱ ከኋላ።

«በጥሎሽ ነው?»

«በፓያሳም ነው መሰለኝ።»

«በፓያሳም ከሆነስ እሺ ይጣሉ» አለች ሴትየዋ።

አቹታን እጁ ላይ ያለውን ቀይ ሪባን ሊፈታ ታገለ። ጠዋት እኔ ነበርኩ ያሰርኩለት፤ አጥብቄው ኖሯል። በመጨረሻ በጥርሱ በጠሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሪባኑም ያስረዳ ነበር፤ ያን ቀን ግን፣ «መምህር፣ አባትዎን አላሰብኩም» አለ ብቻ። «አንድም ቀን ወደ አእምሮዬ አልመጣም። መምጣት ነበረበት።»

መምህር ቻቱ እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ። «እመለሳለሁ። ግን ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ ለኔ የቀረበው ላንተም ይቀርባል።»

«እሺ።»

«አቻሩም።»

አቹታን ምራቁን ዋጠ። «አቻሩም።»

የመጨረሻው ገበታ ላይ ተቀመጡ። መጋረጃ የለም፣ ሪባን የለም፤ ነጭ ካፖርት የለበሱት ሁለቱ እንኳ ካፖርታቸውን አውልቀው ከጎፒናታን ጎን እየበሉ ነበር። ፖዱቫል በራሱ እጅ አሳለፈ። አቹታን አንገቱን ደፍቶ ጀመረ፤ ሳምባር የሚባለውን የምስር ወጥ፣ በቃሪያ የተሠራውን፣ ማንጎውን። ሁለት ዓመት ኮምጣጣ ያልነካው ምላስ ነበርና አቻሩ ሲደርሰው ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በንስሐ መንፈስ ይበላል ብዬ ስጠብቅ፣ ፖዱቫልን በእጁ ጠርቶ ድገመኝ አለው። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። መምህር ቻቱ በጎን እያዩት፣ «ንስሐው ጣፈጠህ?» አሉት። ቅጠላቸውን ወደ ራሳቸው አጥፈው ተነሱ።

ወይዘሮ ሱሎቻና ከእህቴ ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ፤ አቹታንን ለማናገር ግን አራት ወር ፈጀባቸው።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ደወለችልኝ። ሰውዬው ደረቱን ይዞ አልጋ ላይ ይንከባለላል። ሦስታችን ድልድዩን ተሻግረን ሐኪም ሳንኩኒ ቤት ደረስን። በረንዳው ባዶ ነው። ሚስታቸው ወጡ፣ አቹታንን አዩና ወገባቸውን ያዙ።

«ሐኪሙ ዛሬ ሰው አያዩም። ታመዋል።»

«ምን ሆነው?» አለ አቹታን ደንግጦ፣ ሕመሙን ረስቶ።

«ምን ሆነው ትለኛለህ? ያንተ ሰርግ ነዋ! መጀመሪያ ፓያሳም የለም አሏቸው፤ ከዚያ አለ ሲባሉ አምስት ጊዜ አስቀዱ። በዚህ ዕድሜ!»

ሐኪሙ ነጠላ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ሆዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አቹታን ላይ አንዴ አፈጠጡ፣ አቹታንም እሳቸው ላይ። ሁለቱም በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ግቢው ዞረች። ሚስታቸው በደረቅ ዝንጅብል የተፈላ ውሃ በሁለት ኩባያ አመጡላቸውና፣ ሁለቱ እፍ እፍ እያሉ ጠጡ።

«ፖዱቫል ዘቢቡን በቅቤ ጠብሶ ነው ፓያሳሙ ላይ የጨመረው?» አሉ ሐኪሙ።

«አዎ» አለች እህቴ፤ «የካሽው ለውዙንም።»

«ገምቼ ነበር» አሉና አንዴ ፉት አሉ። «በጣም ጎበዝ ሰው ነው።»

አቹታን ኩባያውን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ። የሐኪሙ ሚስት ግን ውሃው አልቋል አሉት፤ ከጠማው ሄዶ ከጉድጓዱ ይቅዳ ብለው ባልዲ አቀበሉት።